ከጥዱ ሥር ያለው ሳር ለምን ሸበተ?

ጥያቄ፦ «ግቢያችን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ አቀበት በኩል ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት 80 ካሬ የሚሆን ሳር አለን። በሰሜን በኩል አጥሩን ይዘው የቆሙ ሦስት የፈረንጅ ጥዶች አሉ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ግራቪሊያ። ሳሩ ለዓመታት ደህና ነበር። ካለፉት ሦስት ክረምቶች ወዲህ ግን ምንጣፍ የመሰለ አረንጓዴ ሽበት ወረሰው። በመሃሉ ጎርጠብ፣ ቱልትና እንግጫ እንደ ልባቸው ይበቅላሉ። አትክልተኛችን ችግሩ አፈሩ ነው ብሎን ሁለት ጊዜ አዲስ ሳር በካሬ ገዝተን አስነጠፍን። ሁለቱም ስድስት ወር አልቆዩም። በረኪና ሞክረናል፣ አመድ ሞክረናል። አሁን ባለቤቴ ዛፎቹን እናስቆርጣቸው እያለ ነው። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎን ትንሽ ያስታግሱልኝ። ዛፎቹ የጥፋቱ ተካፋይ ናቸው፤ ዋናዎቹ ግን አይደሉም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «ለዓመታት ደህና ነበር» የምትለው ላይ ነው። ጥዶቹ ያኔም ነበሩ። አፈሩም ያው ነው። እንግዲህ ሌላ የተቀየረ ነገር አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው ደውዬ «ከሦስት ዓመት በፊት ግቢው አካባቢ ምን ተሠራ?» ብዬ የጠየቅኩዎ። መጀመሪያ «ኧረ ምንም» አሉኝ። ቆየት ብለው ግን ጎረቤት በምሥራቅ በኩል ጂ+4 መገንባቱን ነገሩኝ። በዚያው ዓመት እናንተም የመኪና ማቆሚያውን ሲሚንቶ አስደርጋችሁ፣ የጣራውን አሸንዳ ወደ ሳሩ አዙራችኋል። በቃ፣ ሁለቱም ሌቦች ተያዙ።

ከፎቁ እንጀምር። የአዲስ አበባን ክረምት ያስቡት። በሐምሌም በነሐሴም ብዙ ቀን ጠዋት ላይ ሰማዩ ይከፈታል፤ ከሰዓት ይጠቁርና ያወርደዋል። ስለዚህ በክረምት ሳር የሚኖረው በጠዋት ፀሐይ ነው። ጤዛውን የምታደርቅለትም እሷ ናት። ጂ+4 ሕንፃ 15 ሜትር ገደማ ይቆማል። ከእሱ 6 ሜትር ርቆ ያለ ሳር ፀሐይ የሚያገኘው ከጠዋቱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ 7 ወይም 8 ሰዓት ያገኘውን ያገኛል፤ ቀጥሎ ደመና። ያ በጥሩ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ሳር ኪኩዩ ነው ብለውኛል። ኪኩዩ በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ እየሳሳ ይሄዳል። የደጋችን ሳር ነው፣ ብርዱን ይችላል፣ እግር ይችላል፤ ጥላ ግን አይችልም።

አሁን ጥዶቹ ይምጡ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ በቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። በሌላው ጊዜ ወደ ደቡብ ነች። የእናንተ ዛፎች በሰሜን በኩል ስለቆሙ፣ የቀትር ጥላቸው ሳሩ ላይ የሚያርፈው ልክ በክረምት ነው። 12 ሜትር የሆነ ጥድ በሰኔ ቀትር ላይ ወደ እናንተ 3 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። በታኅሣሥ ያው ዛፍ ሰባት ሜትር ተኩል የሚሆን ጥላ ይጥላል፤ ግን ወደ አጥሩ ማዶ። በጋ ላይ ግቢው ብርሃን በብርሃን ሆኖ ሲያዩት «ጥላ የለብንም» ብለው የሚያስቡት ለዚህ ነው። መፍረድ ያለብዎት በክረምት ባዩት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥላውን ይለኩት። መሣሪያ አያስፈልገውም። ክረምት ላይ ጠራ ያለ ቀን ይምረጡ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው በየሰዓቱ ከአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከበረንዳው ላይ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ማታ ፎቶዎቹን ደርድረው ሲያዩዋቸው ሳሩ ሦስት ቦታ ይከፈልልዎታል፦ አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ሦስት አራት ሰዓት የሚያገኝ፣ ከዚያ በታች የሆነ። ቁራጭ ችካል ይትከሉበት። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በእነዚያ ችካሎች ላይ የቆመ ነው።

ሽበቱ ራሱ ምንድን ነው? አንዳንዱ ሞስ ይለዋል። ሥር የለውም። መሬቱን የሚይዘው ፀጉር በመሰሉ ጭረቶች ነው፤ ውሃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ሳሩን አይበላም፣ አያንቀውም። ሳሩ መጀመሪያ ሳስቶ ቦታ ለቀቀ፤ ሽበቱ የመጣው ባዶ ቤት አግኝቶ ነው። የራስ ሽበት ሲነቅሉት ይበዛል ይባል የለ? ይሄኛውም ያው ነው። ምክንያቱን ሳይነኩ ቢነቅሉት ቦታውን ለሚቀጥለው ሽበት አጸዱለት።

በበጋ ሞቶ ይሆን ብለው ከተጠራጠሩ አንድ ነገር ይሞክሩ። የካቲት ላይ ቡናማ ሆኖ፣ ሲረግጡት እንደ ደረቅ እንጀራ የሚንኮሻኮሸውን ቦታ ይፈልጉ። አንድ ሲኒ ውሃ ያፍስሱበት። ቡናዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ ለስልሶ አረንጓዴ ይሆናል። አልሞተም፤ ሰኔን እየጠበቀ ነው።

በረኪናውን ከአሁን በኋላ ለልብስ ይተዉት። ላይ ላዩን ያነጣዋል፤ አብሮ ሳሩን ይገድላል፤ ሽበቱ ግን በነፋስ ከሚመጣ ዱቄት መሰል ዘሩ እንደገና ይበቅላል። አመድና ኖራም ቢሆን ሰው የሚጨምረው «ሽበት የአፈር ኮምጣጣነት ምልክት ነው» ሲባል ሰምቶ ነው። ሁልጊዜ አይደለም። የሲሚንቶ አጥርዎን ጀርባ ይመልከቱ። እዚያም በቅሏል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ የሚሠራ፣ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። ሳይመረመር ኖራ ማፍሰስ ሳይታዩ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። መጨመር ካማረዎት መጀመሪያ አንድ ኪሎ አፈር ከአራት አምስት ቦታ ቀላቅለው የአፈር ላቦራቶሪ ይውሰዱ። አይረን ሰልፌት የሚባለው ዱቄት በእርግጥ ሽበቱን አጥቁሮ ይገድለዋል። ግን ምክንያቱን አይነካም፤ ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ከደረሰ ደግሞ የማይለቅ የዝገት ቀለም ይተዋል። እኔ ለእናንተ ግቢ አልመክረውም።

አትክልተኛችሁንም አልወቅሰውም። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ግቢ ውስጥ፣ ትልቅ አቮካዶ ሥር፣ በሐምሌ አዲስ ሳር አነጠፍኩ። ዝናቡ ያጠጣልኛል ብዬ ነው። ለሁለት ወር ፎቶ የሚነሳበት ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ሲጠሩኝ መሬቱ ራቁቱን ነበር። አፍሬ በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁት፤ እሱም ሞተ። የተነጠፈ ሳር ሲመጣ ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ላይ ያጠራቀመውን እየበላ ጥቂት ወር ይቆያል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይወድቃል። የእናንተ «ስድስት ወር» ያ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት አሸንዳው። አንድ ጣራ ላይ የወረደ ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ጥግ ሲፈስ ሳር አይችለውም። እንግጫው የበዛው አሸንዳው በሚወርድበት በኩል እንደሆነ ስልክ ላይ ነግረውኛል፤ ውሃው የት እንደሚተኛ እሱ እያሳየዎት ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ገጥመው ውሃውን ወደ ውሃ መውረጃ ቦይ ወይም ወደ ማጠራቀሚያ በርሜል ይውሰዱት። ሲሚንቶው ወደ ሳሩ የሚያዘነብል ከሆነ በጠርዙ በኩል 30 ሳንቲ ስፋት፣ 40 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ያስቆፍሩና ጠጠር ይሙሉበት። ቦዩ ወደሚወጣበት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ የውሃ ጉድጓድ ሠሩ ማለት ነው። ይህ ሳይደረግ የሚወጣ ብር ሁሉ ውሃ በላው።

ቀጥሎ ቅርንጫፍ። ዛፉን ሳይሆን ቀሚሱን ነው የምናነሳው። የጥዶቹን የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ ድረስ ያስወግዱ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ በጎን ትገባለች፤ ነፋስም ይገባል። ግን በአንድ ጊዜ ከአረንጓዴው ሩብ ያህሉን ብቻ፤ የቀረውን በሚቀጥለው ዓመት። ጫፉን አያስቆርጡ። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨት ላይ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ በስህተት የተቆረጠ ጎን እንደ ተመለጠ ይቀራል።

አቆራረጡን ቆመው ይዩ፤ ዓይን ካልተጣለበት ሠራተኛው በአንድ ምት ነው የሚጥለው፣ ቅርንጫፉም ሲወድቅ ከግንዱ ላይ ረጅም ልጥ ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ያህል ወጣ ብሎ ከሥር በኩል ሲሶውን ይሰነጥቅ። ከዚያ ከዚያች ትንሽ አለፍ ብሎ ከላይ ይቁረጥ፤ ቅርንጫፉ ንጹሕ ሆኖ ይወድቃል። የቀረችውን ጉቶ በመጨረሻ ከግንዱ ጋር የምትገናኝበት ያበጠ ቀለበት ጋ ይቁረጣት። ቀለበቱን ግን አይንካ፤ ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው። ሥራው በደረቅ ወራት፣ ቢዘገይ እስከ ግንቦት ይለቅ። ግንድ ለመጣል ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ወረዳ ጠይቁ።

መሬቱን ይውጉት አሁን። ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ወስደው በእጅዎ ብቻ ገፍተው ይሞክሩ። 10 ሳንቲ ካልገባ አፈሩ ታፍኗል። የጉለሌ ቀይ አፈር ሸክላነት አለው፤ እርጥብ ሆኖ ከተረገጠ ጡብ ይሆናል። እኔ የምጠቀመው ብየዳ ቤት ያሠራሁትን ነው፦ 40 ሳንቲ ርዝመት ባለው አንግል ብረት ላይ አምስት ቁራጭ ባለ 12 ፌሮ፣ እያንዳንዱ 12 ሳንቲ፣ ጫፉ የሾለ፣ ከላይ የአካፋ እጀታ። በእግር ይረገጣል፣ ይወዛወዛል፣ ይነቀላል። በየ10 ሳንቲው መሬቱ እንደ ወንፊት ይበሳል። ለ80 ካሬ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በነጋታው ወገብዎ ያስታውስዎታል። ጭቃ ሲሆን አይሥሩት፣ ድንጋይ ሲሆንም አይሥሩት። ዝናቡ ካቆመ ሳምንት ሲሆነው ልክ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። ሁሉም ሰው ሳር በሰኔ ይተከል ይላል። ፀሐይ ለሚያገኝ ግቢ እውነት ነው። ጥላ ላለበት ግን ሐምሌና ነሐሴ ድርብ ጥላ ናቸው፤ ዛፉም ደመናውም። አዲስ ችግኝ እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። እኔ እንደዚህ ያለውን በመስከረም ነው የምተክለው። አፈሩ ውሃ ጠግቧል፣ ሰማዩ ተከፍቷል፣ ፀሐይም ወደ ደቡብ ዞራ የእናንተን ጥዶች ጥላ ወደ ማዶ ወስዳዋለች። ዋጋው ውሃ ማጠጣት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ጠገብ አድርጎ።

መስከረም ላይ ሽበቱ ገና እርጥብ ነው። በሬክ ጥርስ ጠርዙን ቢይዙት እንደ ብርድ ልብስ ተገልጦ ይነሳል። ከሥሩ የሚያገኙት ልሙጥና ጠቆር ያለ መሬት ነው፤ በሬኩ ይቧጥጡት። ከዚያ ይብሱት። ከዚያ በወንፊት የተነፋ፣ የበሰለ ኮምፖስት አንድ ሳንቲ ውፍረት ይበትኑና በመጥረጊያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያስገቡት። አሸዋ ጨምሩ የሚልዎት ይኖራል። ሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ መቀላቀል መሬቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። ትኩስ ፍግም አይሁን፤ የአረም ዘር ይዞልዎት ይመጣል።

በመጀመሪያው ክልል፣ አምስት ሰዓት ፀሐይ ባለበት፣ ኪኩዩው ይመለሳል። ሳር መግዛት አያስፈልግም። ደህና ከሆነው ጥግ ሐረጉን ይቁረጡ፤ እያንዳንዱ ሦስት አንጓ ይኑረው። ሁለቱን አንጓ ቅበሩት፣ አንዱ ከላይ ይቅር። በ20 ሳንቲ ርቀት ይትከሉት። ከወር በኋላ ሐረግ መዘርጋት ሲጀምር ለአንድ ካሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተቆለለ፣ ዩሪያ በትነው ወዲያው ውሃ ያጠጡ።

በሁለተኛው ክልል ልማዱን መቀየር ነው ዋናው። ሳሩ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ቁመት ይቅር። አጫጆቻችን ሳርን እንደ ምልምል ወታደር ፀጉር መላጨት ይወዳሉ፤ ደንበኛውም «ደህና አድርገህ ቁረጠው» ይላል። ጥላ ላይ ያለ ሳር ብርሃን የሚለቅምበት ቅጠሉ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱበት በምን ይኑር? በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። ዩሪያውም እዚህ ግማሽ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ከበዛ ቀጭንና ልፍስፍስ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኪኩዩው እምቢ ካለ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጥላ የሚችል የሳር ዓይነት ችግኝ ጣቢያ ይጠይቁ። ግን ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ጥላ ሥር ሲያድግ አሳዩኝ ይበሉ። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ሳር እያሳየ «ጥላ ይችላል» የሚል ሻጭ ሞልቷል።

ሦስተኛው ክልል፣ ከጥዶቹ ግንድ ሦስት ሜትር ድረስ ያለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሳር አይሆንም። በክረምት ጨለማ ነው፤ በበጋ ደግሞ የዛፎቹ ሥር ውሃውን ቀድሞ ይጠጣዋል። እዚያ አጋፓንተስ፣ ፈርን፣ ወይም ቅጠሉ ነጭ መስመር ያለው፣ ልጆቹን የሚያንጠለጥለው ክሎሮፋይተም ይትከሉ። በሥሮቹ መካከል ትንሽ ትንሽ ጉድጓድ እየፈለጉ ነው እንጂ በዶማ መገልበጥ የለም። አፈር ልጨምር ካሉ ከ5 ሳንቲ አይበልጥ፤ ግንዱንም አይንካው። ጥቂት ሬድ አሽ በትነው አግዳሚ ወንበር ቢያስቀምጡበትም ያምራል። ወይም ሽበቱን እዚያ ብቻ ይተዉት። ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ሳይሆ-ጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ግቢው በሙሉ ሽበት ነው፤ ሰው አስቀድሞ ቦታ አስይዞና ከፍሎ ነው ሊያየው የሚገባው። ባለቤትዎ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ባውቅ ደስ ይለኛል።

አረሙን በአጭሩ። ጎርጠብና ቱልት ዝናብ ባረፈ ማግስት በረጅም ቢላዋ ከነሥራቸው ይወጣሉ። የቱልት ሥር ወፍራም ነው፤ አናቱ መሬት ውስጥ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል። ማገጥ ካገኙ ይተዉት፤ አፈሩን ናይትሮጅን ይመግባል። እንግጫው ነው አስቸጋሪው። ግንዱን በጣትዎ መካከል ቢያንከባልሉት ሦስት ጠርዝ አለው፤ ከሳር የሚለዩት በዚያ ነው። ለአዲስ ዓመት እንግጫ እንደሚነቅሉት ልጃገረዶች በእጅ ጎትተው ቢያወጡት፣ ከታች ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች ይቀራሉ፤ እነሱ እንደገና ያበቅላሉ። በአካፋ ከነፍሬው አንስተው ከግቢ ያውጡት፣ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። አሸንዳው ከተስተካከለ በኋላ በሁለት ክረምት ይሳሳል። ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የሚባለውን የአረም መድኃኒት እንርጭ የሚልዎት ካለ፣ ያ መድኃኒት እንግጫን አይገድልም፤ ነፋስ ከወሰደው ግን ጽጌረዳዎን ያጣምመዋል።

የቀረው ግራቪሊያው ነው። እሱን አልነካሁትም፤ ጥላው ስስ ነው። ቅጠሉ ግን ቶሎ አይበሰብስም፣ ሳሩ ላይ እንደ ጆንያ ይከመራል። በሳምንት አንዴ ይጥረጉለት። የተጠረገውን አይጣሉት፤ ጥዶቹ ሥር ለሚተክሉት አጋፓንተስ ጥሩ ልብስ ነው።